ሙሉ ሰው በዕውቀት ደጅ

ዩኒቨርሲቲ ለተማሪው ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው ሲነሣ ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «ዕውቀት» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ይሁን እንጂ ጎደሎ ነው። ዕውቀትን የሚቀበለው አእምሮ ከባለቤቱ ተነጥሎ ብቻውን በግቢው በር የሚገባ ዕቃ አይደለምና። ሻንጣውን አንጠልጥሎ፣ ብርድ ልብሱን በትከሻው ጣል አድርጎ ከአውቶቡስ የሚወርደው ወጣት አካልና መንፈስ፣ ቋንቋና እምነት፣ ናፍቆትና ተስፋ፣ የወላጅ አደራና የአገር ቤት ምርቃት ይዞ ነው የሚመጣው። ታዲያ ተቋሙ ከዚህ ሁሉ መካከል በፈተና ሊለካ የሚችለውን ብቻ ተቀብሎ የቀረውን «የራስህ ጉዳይ ነው» ሊለው ይገባልን? ወይስ ሰውን በሙሉነቱ የመቀበል ግዴታ አለበት? ግዴታው ካለበትስ ድንበሩ የት ላይ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ላይ ላዩን ሲያዩአቸው የአስተዳደር ጥያቄዎች ይመስላሉ። ሲመረመሩ ግን ሰው ማን ነው ከሚለው ጥንታዊ የፍልስፍና ጥያቄ የሚመነጩ ናቸው።

ነገሩን ከቋንቋ መጀመር ይጠቅማል። አማርኛ ተናጋሪዎች ሲገናኙ ከአፋቸው ቀድሞ የሚወጣው «ጤና ይስጥልኝ» ነው። «ጤና» ከግዕዙ «ጥዒና» የመጣ ቃል ነው። የተጠየቀው ሰው «ደኅና» ብሎ ይመልሳል። ይህም መዳንን፣ ከክፉ አምልጦ መገኘትን ከሚያመለክተው «ድኅነ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የተወለደ ነው። ስለዚህ «ደኅና ነኝ» የሚል ሰው በቃሉ ጥንተ ትርጉም «ተርፌአለሁ» ማለቱ ነው። ከዚሁ ሥር «ድኅነት»፣ ማለትም መዳን፣ ይወጣል። በጆሮ ሲሰሙት ከእርሱ የማይለየው፣ በፊደሉ ብቻ የሚለየው ደግሞ ድኻ መሆንን የሚያመለክተው «ድህነት» ነው። የሁለቱ ቃላት ምንጭ የተለያየ ቢሆንም፣ አንዱን ሲናገሩ ሌላው አብሮ ይሰማል። ስለ ሰው ደኅንነት እየተናገሩ ስለ እጦቱ ዝም ማለት አስቸጋሪ መሆኑን ቋንቋው ራሱ የሚያስታውስ ይመስላል።

ሆኖም ይኸው ሰላምታ መሸሸጊያም ይሆናል። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያልወሰደው ተማሪ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደኅና» ይላል። ከቤቷ መርዶ የደረሳት ተማሪ «ምነው ጠፋሽ?» ስትባል «ትንሽ አሞኝ ነው» ብላ ታልፋለች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ጥፋቱን ሁሉ በደባቂው ላይ የጣለ ይመስላል። ነገር ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው ሲገልጠው የሚደርስበትን ስለሚፈራ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። የሆስፒታሉ ስም ግን በከተማው አነጋገር መሳለቂያና መሰዳደቢያ ሆነ። ስሙን እንደ ስድብ እየሰማ ያደገ ወጣት ሲጨንቀው እርዳታ ከመጠየቅ ይልቅ ዝምታን ቢመርጥ ሊያስደንቅ አይገባም። እንግዲህ መደበቅ የግለሰቡ ጠባይ ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰቡ ፍርድ ውጤትም ነው።

አውሮፓዊው ፈላስፋ ዴካርት በ17ኛው መቶ ዘመን የሚያስበውን ባሕርይ ከግዙፉ አካል ለይቶ ካቆመ ወዲህ፣ ሁለቱን መልሶ ለማገናኘት ብዙ ብራና ተፍቋል፤ ብዙ ቀለምም ፈስሷል። በአማርኛ አነጋገር ግን ረኀብም ሐዘንም የሚያድሩት በአንድ ቤት ነው፤ እርሱም ሆድ ነው። ሆድ ይራባል፤ ሆድ ይብሳል፤ ሆድ ይባባል፤ ሆድ ምስጢር ይይዛል። አንጀት በእጦት ይታጠፋል፣ በሐዘን ይቃጠላል፣ በደግ ነገር ይርሳል። ይህ አነጋገር የሥነ ሕይወት ትምህርት አይደለም፤ ነገር ግን ከኑሮ የተገኘ ማስተዋል አለበት። በሥራ ክፍፍል የሠለጠነው ዘመናዊ ተቋም የተማሪውን ምግብ ለአንዱ ክፍል፣ ሕመሙን ለሌላው፣ ውጤቱን ለሦስተኛው፣ ጥፋቱን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ያከፋፍላል። ተማሪው ግን በአራቱም ደጅ የሚቆመው ያው አንዱ ሰው ነው። ቁርሱን ሳይበላ ለፈተና የተቀመጠው፣ በፈተናው የወደቀው፣ በወደቀበት ምሽት የጠጣው፣ ጠጥቶም የተጣላው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ አራት መዝገቦች አራት የማይተዋወቁ ሰዎች ያደርጉታል።

እ.ኤ.አ. በ1948 በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ጤናን ሲተረጉም፣ የበሽታ አለመኖር ብቻ ሳይሆን የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ፍጹም ደኅንነት መሆኑን አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የወጣው መግለጫ ይህንኑ በማጠናከር የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅን ለሁሉም ማዳረስ የመንግሥታት ኃላፊነት መሆኑን አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳ የኦካናጋን ቻርተር በተባለው ሰነድ ደግሞ ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት ጤናን በክሊኒክ ብቻ ሳይወስኑ በአስተዳደራቸው፣ በትምህርታቸውና በዕለት ተዕለት ኑሮአቸው ውስጥ እንዲያሰርጹት ጥሪ ቀርቧል። አቅጣጫው የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ «ፍጹም» የሚለው ቃል በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል። ጤና ፍጹምነት ከሆነ ጤነኛ የሚባል ሰው በምድር ላይ አይገኝም። እናቷን የቀበረች፣ ዐይኗ የማያይ፣ ኪሷ ባዶ የሆነ ተማሪ ፍጹም ደኅንነት የላትም፤ ሙሉ ሰው መሆኗን ግን ማንም ሊክድ አይችልም።

ስለዚህ ሙሉነትና ፍጹምነት መለየት አለባቸው። ፍጹምነት ጉድለት አለመኖር ነው። ሙሉነት አለመከፋፈል ነው፤ ይኸውም ሰው ወደ አንድ ደጅ ለመግባት ከማንነቱ ከፊሉን ውጭ አስቀምጦ እንዲገባ አለመገደዱ ነው። ቋንቋውን በመፍራት ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ ድኽነቱን ለመሸፈን ከጓደኞቹ የሚሸሽ፣ ሐዘኑን ለመናገር ፈቃድ የሚጠብቅ ተማሪ ተከፍሏል። የዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ጉድለትን ሁሉ ሊያስወግድ አይችልም፤ እንዲህ ብሎ ቃል ቢገባም ሐሰት ይሆንበታል። ሰውን አለመክፈል ግን ይችላል። ሊጠየቅም የሚገባው ስለዚህ ነው።

ጥያቄው ለዚህች አገር እንግዳ አይደለም። ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቃውንትን ያፈራው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ለነገሩ የራሱ መልስ ነበረው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ ከመንደር መንደር እየለመነ ሲማር፣ ትምህርቱ በአእምሮው ብቻ የሚያልፍ አልነበረም። በዜማ ቤት ድምፁና ትንፋሹ ይሠለጥናል፤ በአቋቋም ቤት መቋሚያውን፣ ጸናጽሉንና ከበሮውን ይዞ እግሩና ትከሻው ይማራል፤ በቅኔ ቤት ደግሞ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ብቻውን ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል። የታመመውን ጓደኞቹ ያስታምሙታል፤ የተለመነው ቁራሽ በአንድነት ይበላል። የኔታም የእያንዳንዱን ተማሪ ስምና ጠባይ፣ አገሩን ጭምር ያውቃሉ።

ይህን መስክሮ እዚያው ማቆም ግን ያለፈውን ማሳመር ይሆናል። የቆሎ ተማሪው ኑሮ ረኀብ፣ ቅማል፣ ተስቦና የውሻ ንክሻ የበዛበት ነበር። በየመንገዱና በየጎጆው የቀሩት ስማቸው አልተጻፈም። በሩም ከጥቂቶች በቀር ለሴቶች ዝግ ነበር። ከዚያ ሥርዓት ሊወረስ የሚገባው መከራው አይደለም። «ችግር ሰው ያደርጋል» የሚለው አባባል የተረፉትን ብቻ ቆጥሮ የተነገረ ነው። ሊወረስ የሚገባው ተማሪውን በስሙ ማወቅና አንዱ ለሌላው ተጠያቂ መሆን ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የተማሪዎቹ ቁጥር 33 ነበር። በ1954 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ በአገሪቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆኗል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ትምህርት የጥቂቶች ርስት ሆኖ በቀረ ኖሮ ዛሬ በየግቢው ያለው የገበሬና የአርብቶ አደር ልጅ፣ ይልቁንም ሴት ልጅ፣ ከደጅ በቀረች ነበር። ነገር ግን 33 ሰዎችን በስም ማወቅ ቀላል ነው፤ አሥር ሺሕ ሰዎችን ማወቅ ግን በአንድ መምህር ደግነት የሚሆን ነገር አይደለም። ቁጥሩ በበዛ መጠን ተማሪው ስሙን እየተወ የመታወቂያ ቁጥር ይሆናል። ውጤቱ የሚለጠፈው በቁጥሩ ነው፤ የሚባረረውም በቁጥሩ ነው። እንግዲህ የዘመኑ ጥያቄ ብዙኃንን ተቀብሎ እያንዳንዱን ሰው በስሙ ለማወቅ የሚያስችል ሥርዓት እንዴት ይደራጃል የሚል ነው።

የሚያሠጋው ነገርም በምናብ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት፣ በዕድሜ ዘመን ከሚከሠቱት የአእምሮ ሕመሞች ግማሹ እስከ 14 ዓመት፣ ሦስት አራተኛው እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ እንግዲህ የዕውቀት መቅሰሚያ ብቻ ሳይሆን ሕመሙ የሚገለጥበትም ዕድሜ ነው። በዚህ ላይ ተማሪው ከቤተሰቡ ርቆ፣ ከማያውቃቸው ጋር በአንድ መኝታ ክፍል ታጭቆ፣ «ብወድቅ ምን ይዤ እመለሳለሁ?» የሚል ጭንቀት ተሸክሞ ይኖራል። እንቅልፍን ለማባረር ጫት የሚቅም፣ ከዚያም እንቅልፍ ለመጥራት መጠጥ የሚፈልግ ጥቂት አይደለም። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንዲሉ፣ የሚሰማው ሰው ያጣ ብሶት ጊዜና ቦታ ሳይመርጥ ይወጣል።

ከዚህም የከፋ ዘመን መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙዎችም ግቢያቸውን እየጣሉ ወደ ወላጆቻቸው ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት መጋቢት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ተቋረጠ። በኅዳር ወር ላይ ሳይሆን ገና በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተቀሰቀሰው ጦርነት እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲዘልቅ፣ የትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራቸውን አቋረጡ፤ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎችም በ2014 ዓ.ም. ዘረፋና ውድመት ደረሰባቸው። ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ የተቀመጡት ተማሪዎችና መምህራን ሐዘናቸውን ከቤት ትተው የመጡ አይደሉም። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች የየራሳቸውን ሙት ይዘው ይሆናል። ይህን ሳያዩ ስለ ጥራት ያለው ትምህርት መናገር ግማሽ ንግግር ነው።

በዚህ አስተሳሰብ ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይሰነዘራሉ። የመጀመሪያው «ዩኒቨርሲቲ የዕውቀት ቤት እንጂ ሞግዚት አይደለም፤ ተማሪውም አዋቂ ስለሆነ ራሱን ይምራ» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። አዋቂን እንደ ሕፃን መያዝ ክብሩን መንካት ነው። ነገር ግን የግቢውን ኑሮ ተማሪው አልመረጠውም። የሚበላውን፣ የሚተኛበትን፣ የሚጠናበትን ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም የሚሄድበትን ከተማ የወሰነለት ተቋሙና መንግሥት ናቸው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከተመረቀ በኋላ የምግቡንና የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን ሊከፍል ውል ይፈርማል። ስለዚህ የሚቀርብለት ወጥ ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ የገባበት ነገር ነው። የሰውን ቀንና ሌሊት የወሰነ አካል፣ ያ ቀንና ሌሊት ሰውየውን ምን እንዳደረገው ሲጠየቅ «አዋቂ ነው» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «ሰውን በሙሉነቱ እቀበላለሁ የሚል ተቋም ሰውን በሙሉ የእኔ ነው ወደ ማለት ይደርሳል» ይላል። ይህን ሥጋት ታሪክ ይደግፈዋል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። ዘማቾቹ ፊደል አስቆጥረዋል፤ ገበሬውን አደራጅተዋል፤ ከወገናቸው ጋር ተዋውቀዋል። ይህ ሊካድ አይገባውም። ነገር ግን የወጣቱን ጉልበት፣ ጊዜና እምነት በአንድነት የጠየቀው ሥርዓት፣ «አይሆንም» የሚለውን ድምፁን ሊሰማ አልፈቀደም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የወደቁት ብዙዎቹ የዚያው ትውልድ ልጆች ነበሩ። ለሰው ሁለንተና ማሰብና የሰውን ሁለንተና መያዝ በቃል ቢቀራረቡም በግብር ሰማይና ምድር ናቸው።

መለያው ምንድን ነው? እርዳታው የተረጂውን የመናገርና እምቢ የማለት ችሎታ ከጨመረለት እንክብካቤ ነው፤ ከቀነሰበት ቁጥጥር ነው። ከዚህ መመዘኛ ተጨባጭ ግዴታዎች ይመነጫሉ። የምክር አገልግሎት ሠራተኛው የሰማውን ለዲሲፕሊን ኮሚቴም ሆነ ለጸጥታ ክፍል የሚያቀብል ከሆነ፣ አማካሪ መባሉ ቀርቶ መርማሪ ይሆናል። የሕይወት አደጋ ካልመጣ በቀር የተነገረው ነገር ከዚያች ክፍል መውጣት የለበትም። የአገሩ ልማድ ይህን ያውቀዋል፤ የነፍስ አባት የሚከበረው ምስጢር ስለሚጠብቅ ነው። የታመመ ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ ቢሄድ ያለ ውርደት ሊመለስ የሚችልበት ደንብ ያስፈልጋል። ጠበል የሚጠመቀውን፣ ዱዓ የሚያስደርገውን «ኋላ ቀር» ብሎ የሚያሸማቅቅ ሐኪም በሽተኛውን ያጣዋል፤ ሕክምናውን ከእምነቱ ጎን አቁሞ የሚያስረዳው ግን ያገኘዋል።

ደግሞም «የዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ» ሲባል ተማሪው ብቻ አይደለም። ከሌሊቱ ተነሥታ በጭስ ውስጥ እንጀራ የምትጋግረው ሴት፣ በብርድ የሚያድረው ጥበቃ፣ ሽንት ቤቱን የምታጸዳው ሠራተኛ የማኅበረሰቡ አባላት ናቸው። ስለ ተማሪው ሙሉ ጤንነት በአዳራሽ እየተሰበሰበ፣ የጋጋሪዋን ዐይን ጭስ የሚያጠፋው ተቋም ቃሉ ሥጋ አልለበሰም። መምህሩም እንዲሁ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። የቤት ኪራይ ያስጨነቀው መምህር የተማሪውን ጭንቀት ለመስማት የሚተርፈው ትዕግሥት ስንት ነው? ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ከተባለ፣ መድኃኒት የሚሆነውም ሰው ሊታሰብለት ይገባል።

የግቢው አጥርም የዚህ ጥያቄ መጨረሻ ሆኖ አያውቅም። በ1958 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድኾች ተሰብስበው በታጎሩበት የሾላ ካምፕ ጉዳይ አደባባይ ወጥተው፣ ድህነት ወንጀል ነው ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ የራሳቸው ደኅንነት ከአጥሩ ውጭ ካለው ሰው ደኅንነት ጋር የታሰረ መሆኑን መመስከራቸው ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍላተ ሀገር ሄደው እንዲያገለግሉ ያደረገው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ይህንኑ ትስስር በሥራ አስተምሯል። ለራሱ ብቻ ደኅና ልሁን የሚል ሰው ደኅንነቱ ጠባብ ነው። ለሌላው መትረፍ መቻል ራሱ የጤንነት ክፍል ነው።

በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት እንደገና ሲጀመር ጠቅላላ ሥነ ልቡና፣ የአካል ብቃት፣ ሒሳዊ አስተሳሰብና የሥነ ዜጋ ትምህርት ተካተዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ተማሪውን ሙሉ አድርጎ ለማየት የተደረገ ሙከራ ነው። ነገር ግን ስለ እንቅልፍ ጥቅም ከተማረ በኋላ ስምንት ሆኖ በሚያድርበት ክፍል መተኛት ያልቻለ ተማሪ፣ ትምህርቱን ያስታውስ ይሆናል እንጂ አይኖረውም። ደኅንነት የሚሰበክ ሳይሆን የሚኖርበት ነገር ነው። ከቤተ መጻሕፍት እስከ ሴቶች መኝታ ቤት ባለው መንገድ ላይ የሚበራ አምፖል ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

ኪነ ጥበብስ ድርሻዋ ምንድን ነው? ግጥም ሕመም አይፈውስም፤ ተውኔትም የሐኪም ቦታ አይተካም። ነገር ግን ስም የሌለው ጭንቀት ብቻውን ያስፈራል። ድብርት፣ ባይተዋርነት፣ ሰቀቀን፣ የሆድ ብሶት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን ከሌላው ለይቶ መጥራት የሚችል ሰው ለሐኪሙም፣ ለጓደኛውም፣ ለራሱም ሊናገረው ይችላል። ይህን የመጥራት ችሎታ የሚያሳድገው የቋንቋ ሠራተኛው ነው። በግቢ መድረክ ላይ የሚታየው ተውኔት የአእምሮ ሕመምተኛን ለሳቅ ማስነሻ የሚያደርግ ከሆነ፣ በተመልካቾች መካከል ዝም ብሎ የተቀመጠውን አንድ ወጣት አፉን ዘጋው ማለት ነው። በሰውነቱ የሚያሳየው ከሆነ ደግሞ ያ ወጣት በማግሥቱ ወደ ምክር ክፍሉ ሊሄድ ይችላል። ከያኒው የትኛውን እንደ ሠራ ጭብጨባው አይነግረውም።

ስለዚህ ኃላፊነቱ በሦስት ወገን ይወድቃል። ካድሬውና አስተዳዳሪው በሪፖርታቸው ስንት አልጋ እንደ ተዘረጋ፣ ስንት ተማሪ እንደ ተመረቀ ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ሰው ለምን ትምህርቱን አቋርጦ እንደ ሄደ፣ ማን ሄዶ እንደ ጠየቀው ሊጽፉ ይገባል። መምህሩ ተማሪዎቹን ሁሉ ማወቅ ባይችል፣ በድንገት መቅረት የጀመረውን አንዱን ማወቅ ይችላል። ከያኒውም «ደኅና ነኝ» ከሚለው ቃል በስተጀርባ ያለውን እውነት የሚያወጣ ቋንቋ ሊሠራ ይችላል። ሁሉም ይህን ቢያደርጉ በግቢው ሐዘን አይጠፋም፤ ፈተናም ድህነትም አይቀርም። ሐዘንተኛው ግን «ምን ሆነሃል?» ብሎ መልሱን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያገኛል።